ቅጠሏን ያሰመጠው የውሃ አባት

ወንድሜ ኦይታ የሰባኪውን ውሃ ለተክል ያጠጣ ዕለት እኔ በሴቶች በኩል ከፊት ተቀምጬ ነበር። መዘምራኑ ጨርሰው ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን እንጸልያለን። ወንድሜ ከሚኖርበት ከቆላው ከላንቴ በመጣ ቁጥር ግን እኔ አንዱን ዓይኔን ከእርሱ ላይ አላነሳም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እጁ አያርፍም። ከመስበኪያው አጠገብ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለች ወፍራም ቅጠል ያላት ተክል ቆማለች። ከጎኗ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ለሰባኪው በብርጭቆ ውሃ ተቀድቷል። ኦይታ ብድግ አለ። በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ሄደና ብርጭቆውን አንሥቶ ውሃውን በሙሉ ቆርቆሮው ውስጥ ገለበጠው። ባዶውን ብርጭቆ ቦታው መልሶ፣ መልካም ሥራ እንደ ሠራ ሰው ፊቱ እያበራ መጥቶ ተቀመጠ። አሜን ሲባል ከሁሉም አስበልጦ የጮኸው እርሱ ነው።

ሰባኪው በስብከቱ መካከል ጉሮሮውን ጠራርጎ ብርጭቆውን አነሣ። አየው። መልሶ አስቀመጠው። የሚሰብከው ስለ ሳምራዊቷ ሴትና ስለ ሕይወት ውሃ ነበር። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ፣ አጠገቤ ያለችው እህት መንፈስ የነካኝ መስሏት እጇን ጭና ትጸልይልኝ ጀመር።

ስንወጣ አንዲት ቀጠን ያለች ሴት ቆርቆሮውን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች። ውሃው ከቆርቆሮው ሥር ቀሚሷ ላይ ይንጠባጠባል። ሻሺቱ ናት። ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ በላይኛው ሰፈር በሼቻ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ለመድረኩ ተክል የምታመጣውም እርሷ ነበረች።

“ማነው ውሃ ያፈሰሰባት?” አለች።

“እኔ ነኝ፣ እህት ሻሺቱ” አለ ኦይታ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ደረቱን ነፍቶ። “ጠምቷት ነበር።”

“ማን ነገረዎት?”

“አየኋት። ዝም ብላለች።”

“ተክል ታዲያ ልትዘምር ኖሯል? ወንድም ኦይታ፣ ሰባኪውን በጥም፣ የእኔን ተክል በውሃ ሊገድሉ ነው የመጡት? ይቺ ውሃ ስታይ የምትበሰብስ ናት!”

ወንድሜ ሊመልስላት አፉን ከፈተ። አፉን እንደ ከፈተ ቆሞ ያያት ጀመር። እኔም በልቤ “ኧረ ጌታ ሆይ!” አልኩ። ሚስቱን ከቀበርን ወዲህ ኦይታ ቃል ሲያጥረው አይቼ አላውቅም።

ስለ ወንድሜ ትንሽ ልንገራችሁ። ኦይታ እንደ እኔው ከገረሴ በላይ፣ ጉም ከቤት በማይወጣበት ደጋ የተወለደ ነው። ጓሯችን እንሰት፣ አጥራችን ቀርከሃ ነበር። አባታችን ሲሞት መሬቱ ለታላላቆቻችን እንኳን አልበቃ ስላለ፣ እርሱ ገና ጢም ሳያወጣ ወደ ቆላ ወረደ። ያን ጊዜ ላንቴ መውረድ ማለት ለወባ ራስን መስጠት ነበር። እናታችን ደጃፍ ላይ ቆማ በቁሙ አለቀሰችለት። እርሱ ግን ወባውንም ታሞ ተነሣ፣ ሙዝም ተከለ፣ ደግ ሚስትም አገባ፣ ልጆቹንም ለቁም ነገር አደረሰ። ልጆቹ አንዱ ምዕራብ ዓባያ፣ ሌሎቹ ከዚያ ርቀው ትዳር ያዙ። ሚስቱ ሞተችበት። ቤቱ ውስጥ እርሱና አካፋው ቀሩ።

መንደሩ የሚያውቀው ግን በሙዙ አይደለም፤ በውሃው ነው። የላንቴ ገበሬዎች የመስኖውን ውሃ በተራ የሚያከፋፍልላቸውን ሰው የውሃ አባት ይሉታል። ኦይታ የውሃ አባት ነው። አካፋውን ትከሻው ላይ ጥሎ በቦዩ ዳር ሲመላለስ ይውላል፤ እዚህ ይዘጋል፣ እዚያ ይከፍታል። በውሃ ተራ ሊቧቀሱ የተነሡ ሰዎችን በቀልድ ያስታርቃል። ደረቅ መሬት ካየ ሕፃን ሲያለቅስ የሰማ ያህል ያመዋል። በታችኛው ሰፈር በሲቀላ ወዳለው ቤቴ ሲመጣ እንኳን ዶሮዎቼን ሳያጠጣ፣ ደጄን ሳያርከፈክፍ ቁጭ አይልም። አንድ ጊዜ የቤቴ በር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ሲል ሰምቶ “ደርቋል” ብሎ ውሃ አፈሰሰበት። ይኸው እስከ ዛሬ ዝጎ፣ በሩን የምከፍተው በዳሌዬ ገፍቼ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ውሃ የማትወድ ተክል ካላት ሴት ፍቅር የያዘው።

ከዚያ እሑድ በኋላ ኦይታ በየገበያው ቀን አንድ እጅ ሙዝ አንጠልጥሎ ዳገቱን ወደ ሼቻ መውጣት ጀመረ። “ተክሏ ተሻላት ወይ ብዬ ልጠይቅ” ይላል። ተክሏ ከተሻላት ቆይታለች። እርሱ ግን መጠየቁን አልተወም። የሻሺቱ በረንዳ በቆርቆሮና በተሰነጠቀ ድስት የሞላ ነው። እሬት አለ፣ እንዳሁላ አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያቺ የመድረኳ ተክል አለች። አንዲት መምህርት ተዛውራ ስትሄድ ትታላት የሄደችው ስለሆነ ስሟን የሚያውቅ የለም። ሻሺቱ “ወላዷ” ትላታለች። እውነትም ወላድ ናት። ቅጠሏ እንደ ጆሮ ወፍራም፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ ያለው ነው። ያ ቅጠል ከግንዱ ሲወድቅ ሞተ ስትሉት፣ ከየጥርሱ ሥር ሁለት ሁለት ቅጠልና እንደ ፀጉር የቀጠነ ሥር ያላት ሕፃን ብቅ ትላለች። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

የገና በዓል እንዳለፈ ኦይታ ቤቴ መጣ። ዶሮዎቹን ሳያጠጣ ቁጭ ሲል ነገር እንዳለ ገባኝ።

“እትዬ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው።”

“የት?”

“ሼቻ።”

“ለውሃ ጉዳይ ነው?”

“እትዬ!” አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሽበቱ ከጣቶቹ መሐል ይታየኛል። ሳቄ መጣ። ታናሽ ወንድሜ፣ በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ፣ አፈረ።

ሽማግሌ ሳይላክ በፊት ልቧን ልስማ ብዬ እኔው ራሴ ሻሺቱ ዘንድ ወጣሁ። እንዝርቷን እያሽከረከረች ሰማችኝ።

“እህት ወርቂቱ፣ ወንድምሽ ጥሩ ሰው ነው” አለች። “ሲስቅ እኔም ሳልወድ እስቃለሁ። ግን የሞተው ባሌም ጥሩ ሰው ነበር። ጥሩነቱ ግን ዕረፍት አልነበረውም። የፈተልኩትን ላስተካክልልሽ ብሎ ያወሳስበዋል። ወጤን ያማስላል። ስተኛ ተመችቶሻል ወይ ብሎ ይቀሰቅሰኛል። ነፍሱን ይማርና፣ በደግነት ሲጨርሰኝ ኖረ። አሁን ደግሞ ሌላ ሊያጠጣኝ የሚመጣ ሰው ያስፈራኛል።”

ምን እላለሁ? ወንድሜን እኮ ነው የነገረችኝ።

ተነሥታ ከወላዷ አንድ ቅጠል ቀጠፈች። “ይቺን ስጪው። ልጅ ካወጣችለት ሽማግሌ ይላክ፤ እሺ እላለሁ። ካላወጣችለት ግን ለፋሲካ ልጄ ዓለምጸሐይ መጥታ ወደ ገረሴ ትወስደኛለች። ‘እማዬ ብቻሽን አትቀመጪ’ እያለች መድረሻ አሳጥታኛለች።”

“እንዴት ነው የምትተከለው?”

“እርሱን ራሱ ይድረስበት” አለችና ወደ እንዝርቷ ተመለሰች።

ኦይታ ቅጠሏን በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳማት። “ይኼማ ቀላል ነው! የእንሰት አገር ልጅ አይደለሁም እንዴ!” ብሎ እየዘለለ ወደ ላንቴ ወረደ።

የእንሰት ነገር ለማታውቁት፣ እኛ ደጋ እንሰት የምናራባው በዘር አይደለም። ግንዱ ይቆረጥና ሥሩ መሐሉ ይፈለፈላል። ውስጡ በፍግ ይሞላና ይቀበራል። ከዚያ ዙሪያውን ልጆች ያወጣል። ወንድሜም ልጅ በምታወጣ ቅጠልና ልጅ በሚያወጣ እንሰት መካከል ልዩነት አልታየውም። የሻሺቱን ቅጠል መሐሏን በቢላዋ ሰነጠቀ፤ የላም ፍግ ሞላባት፤ በሙዙ መካከል ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበራት። በላይዋም ቦዩን ከፈተ። የውሃ አባት ስለሆነ ማን ይከለክለዋል?

በሚቀጥለው ገበያ በመዳፉ ጭቃ ይዞ መጣ።

“ይቺ ናት?” አልኩት።

“ነበረች” አለኝ።

ሻሺቱ ነገሩን ስትሰማ ሳቋን መያዝ አቅቷት እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ። “ቅጠሌን ቀበራት? ከነሕይወቷ?” አለች፤ ሁለተኛም ቅጠል ቀጥፋ ሰጠችኝ። “ቢላዋና ፍግ አይንካት በይው። ቦይም አይክፈትባት።”

ኦይታ ይኼን ትእዛዝ እንደ አሥርቱ ቃላት ጠበቀ። ቅጠሏን በቆርቆሮ አፈር ላይ አስተኝቶ ደጃፉ ላይ አስቀመጣት። ቢላዋ አላነሣም፤ ቦይም አልከፈተም። ሲወጣ አንድ ስኒ ውሃ ብቻ፣ ሲገባ አንድ ስኒ ውሃ ብቻ ያጠጣት ጀመር። የውሃ አባት ደግሞ በቀን ብዙ ጊዜ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ይገባል።

ይኼም ሳያንሳት፣ የላንቴ ሰው ነገሩን ሰማ። ወንድሜን ይወዱታል። “የኦይታ ሠርግ በዚያች ቅጠል ላይ ነው” ተባለ። ከዚያ ወዲያ በደጁ ያለፈ ሁሉ፣ ማንም ሳያየው፣ ለፍቅር ብሎ ትንሽ ትንሽ ጠብ ያደርግላት ጀመር። ከቦዩ በእንስራ ቀድታ የምትመለስ ሴት ጎንበስ ትላለች። ሙዝ ጫኙ ከውሃ መጠጫው ያካፍላታል። አንዱ ሽማግሌ ሲጸልይላት ቆይቶ፣ በጸሎቱ ላይ ውሃ ጨመረበት። ቆርቆሮው ሥሩ ቀዳዳ እንኳን አልነበረውም። አንድ ቀን ኦይታ ጎንበስ ብሎ ቢያይ ቅጠሏ ተንሳፍፋለች፤ አጠገቧ እንቁራሪት ተቀምጣለች።

“እትዬ፣ መንደሩ በሙሉ ገደላት” አለኝ። ሊያለቅስ ነው። “እያንዳንዱን ብጠይቀው ‘እኔ እኮ ትንሽ ነው’ ይለኛል።”

አሁን ጊዜው አጥሯል። ዐቢይ ጾም ገብቷል፣ ፋሲካ መምጣቱ ነው። ሦስተኛውን ቅጠል ልለምን ስሄድ ሻሺቱ አልሳቀችም። ቅጠሏን ሰጥታኝ በረንዳው ላይ ያሉትን ቆርቆሮዎች እያየች፣ “ገረሴ ብርድ ነው። እነዚህን የት እንደማደርጋቸው አላውቅም” አለች። ያን ጊዜ ገባኝ፤ መሄዱን አልወደደችውም። መቅረቱንም ደግሞ ፈርታዋለች። ቅጠሏን እንደ እንቁላል በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ዳገቱን ወረድኩ።

ቤቴ ስደርስ ኦይታ እየጠበቀኝ ነው። እጁን ዘረጋ።

“አልሰጥህም” አልኩት።

“እትዬ?”

“እጅህን አሳየኝ።” አሳየኝ። እነዚያ ሰፋፊ፣ የአካፋ እጀታ ያጠነከራቸው እጆች። “ይኼን ሁሉ ሙዝ ያሳደጉ እጆች ናቸው። ለዚች ግን አይሆኗትም።”

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር አለኝ። “እንግዲያው ከእኔ ደብቂያት።”

ቤቴ አንድ ክፍል ነው፣ የት እደብቃታለሁ? ግድግዳው ላይ፣ ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ፣ በመርፌ ቁልፍ ሰካኋት። አፈር የለ፣ ውሃ የለ። በስተርጅና ፊደል መቁጠር ጀምሬ ነበርና የልጅ ልጄ አይዳ ከቀን መቁጠሪያው ላይ የዕለቱን ስም ሳላነብላት ሻይ እንድጠጣ አትፈቅድልኝም። ስለዚህ ጧት ጧት “ማ… ክ… ማክሰኞ” ስል፣ ቅጠሏን በዓይኔ ሥር አገኛታለሁ።

የኦይታ መከራ የጀመረው ያኔ ነው። በየገበያው ቀን ይመጣል። ወንበሩን ግድግዳው ፊት ያደርግና እጆቹን ከጭኑ ሥር አድርጎ ይቀመጥባቸዋል። ቅጠሏን ያያታል። ይተነፍሳል።

“ቀጥናለች።”

“አልቀጠነችም።”

“ጫፏ ትንሽ ቀልቷል። ውሃ ጥም ነው።”

“የአንተን ዓይን ፈርታ ነው የቀላችው። ዙር ወዲያ!”

ይዞራል። ወደ ዶሮዎቹ ሄዶ ያጠጣቸዋል። ዶሮዎቼ ያን ሰሞን ጠጥተው ጠጥተው መራመድ አቅቷቸው ነበር።

አንድ ቀን ሽንኩርት ልከትፍ ጓሮ ወጥቼ ስመለስ፣ ወንድሜ ከግድግዳው ፊት ቆሟል። ጉንጮቹ ሁለቱም እንደ ጥሩንባ ነፊ ጉንጭ ተነፍተዋል። ዓይኑ ፈጧል። ልብስ ተኳሽ በጨርቅ ላይ ውሃ ሊረጭ ሲል እንደሚያደርገው አፉን ሞልቶ ወደ ቅጠሏ አሞጥሙጧል።

“ኦይታ!” አልኩ። “ዋጠው!”

በዓይኑ ለመነኝ።

“ዋጠው ብያለሁ!”

ዋጠው። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁት። ከዚያ እኔም ጀመርኩ፣ እርሱም ጀመረ። ሽንኩርቱን ይዤ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፤ እርሱ ግድግዳውን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከልጅነታችን ወዲህ እንዲያ ስቀን አናውቅም። ሲጨርስ እንባውን እየጠረገ፣ “እትዬ፣ ትንሽ እርጥበት እንኳን ከሳቄ ደርሷት ይሆን?” አለኝ። በመጥረጊያ አባረርኩት።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት፣ ጧት ተነሥቼ “ረ… ቡ… ረቡዕ” ስል፣ ከረቡዕ አጠገብ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አየሁ። ዓይኔን አሸሁ። ቀረብኩ። ከቅጠሏ ጥርስ ሥር የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቡቃያ። ከጎኗ ሌላ። ከሥር ሌላ! አረጀሁ ማለቴን ረስቼ እልል አልኩ። አይዳ ከእንቅልፏ ዘላ “አያቴ፣ አነበብሽ እንዴ?” አለችኝ።

በቀጥታ ወደ መንገድ ወጣሁ። ሙዝ ሊጭን ወደ ላንቴ የሚሄደውን አይሱዙ አስቁሜ ለሾፌሩ፣ “የውሃ አባትን ‘ወለደች’ በልልኝ” አልኩት።

ሾፌሩ ላንቴ ሲደርስ አንገቱን ከመስኮቱ አውጥቶ ጮኸ። ኦይታ ቦይ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ ነበር። አካፋውን ወደ ሰማይ ወረወረው አሉ። በዚያው አይሱዙ ላይ ወጥቶ መጣ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ እንደ ተጠቀለለ፣ ጭቃው ሳይደርቅ። ከኋላው የላንቴ ሴቶች የአራስ ገንፎ አገንፍተው በትልቅ ድስት ይዘው ተከተሉት።

“ኧረ እናንተ፣ የወለደችው እኮ ቅጠል ናት!” አልኳቸው።

“ልጅ ልጅ ነው” አሉኝ፤ ግድግዳው ፊት ቁጭ ብለን ገንፎውን በላን። ኦይታ በጣቱ ጫፍ አልነካትም። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ እያየ፣ “ሥር አላት! እዩ፣ አየር ላይ ሥር አወጣች! ያለ ጠብታ!” ይላል። ውሃ ያልነካው ነገር በሕይወቱ ሲያድግ ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

ለሕፃናቱ ቅጠል እስኪያወፍሩ ጥቂት ቀን ሰጠናቸው። በሰሞነ ሕማማት መካከል ግን ዓለምጸሐይ ከገረሴ ገባች የሚል ወሬ መጣ፤ የመኪና ቦታ ይዛለች፣ ነገ ትወስዳታለች። ኦይታ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ። ዋናው ጋሽ ኤርጫፎ ነው፤ ጋሽ ኤርጫፎ ገብቶበት ያልታረቀ ጠብ የለም፣ ያልተሰጠ ሙሽራም የለም። ጉልበቱ ግን አርጅቷል። በደንቡ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ኦይታ ግን “ቅጠሏን ለማንም አላስይዝም” አለ። በማግሥቱ ጧት ነጭ ሳህን ላይ አስቀምጧት፣ እናት በመሐል ልጆች በዙሪያ፣ ከፊት እየቀደመ ዳገቱን ጀመርን።

ጥፋቱ ሳህኑ ክፍት መሆኑ ነው። ከሲቀላ መውጫ ማንጎ የምትሸጥ ሴት፣ “አባቴ፣ ምንድን ናት ይቺ የምታምር?” አለችው። አባታችን ሲኖር፣ ችግኝ የለመነን ባዶ እጁን የመለሰ ሰው ጓሮው ይነጥፋል ይለን ነበር። ኦይታ አንዷን ሕፃን ከጠርዟ ለይቶ ሰጣት። ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ ከሱቁ ወጥቶ ጠየቀ፤ ተሰጠው። የድልድዩ ዘበኛ ጠየቀ። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሁለት ሴቶች ጠየቁ። “እንዴት ነው የምናሳድጋት?” ሲሉት፣ “እኔን አትጠይቁ! ሼቻ እህት ሻሺቱን ጠይቁ” ይላቸዋል። ጋሽ ኤርጫፎ ከኋላችን እያለከለከ ስለሚመጣ ምንም አላየም። እኔ አይቻለሁ። “ኦይታ፣ ተው” ብያለሁ። “አንዷን ብቻ፣ እትዬ” ይለኛል፣ ልክ እንደ ላንቴ ሰዎች።

ሼቻ ስንደርስ ሳህኑ ላይ የቀረችው እናቲቱ ብቻ ነበረች፤ ጥርሷ የረገፈ፣ የተሸበሸበች፣ እንደ አሮጌ ጆሮ።

ጋሽ ኤርጫፎ ደረሰና ሳህኑን አየ። “ልጆቹስ?”

“ለመኑኝ” አለ ኦይታ።

“ሙሽሪትን ሳታገባ ልጆቿን አደልክ?” ጋሽ ኤርጫፎ ከዘራውን መሬት ላይ ወረወረ። “እኔ በዚህ ጉልበት ዳገት የወጣሁት ባዶ ሳህን ላሳይ ነው? አንተ ሰው ነህ ወይስ ቦይ ነህ? የመጣው ሁሉ በአንተ ላይ ያልፋል!”

የሻሺቱ ደጅ ላይ አይሱዙ ቆሟል። ዓለምጸሐይ ሾፌሩን እየተጣደፈች ታስጭናለች፤ አልጋው ተጭኗል፣ የጥጥ ቅርጫቱ ተጭኗል፣ ቆርቆሮዎቹም ከነተክሎቻቸው ላይ ተደርድረዋል። ሻሺቱ የጉዞ ጫማዋን አድርጋ ጓዟ ላይ ተቀምጣለች። ኦይታን ስታይ ተነሣች። ዓይኗ ወደ ሳህኑ ሄደ። ከዚያ ፊቷ ጨለመ። ያንን ጨለማ ሳይ ልቤ ዘለለ፤ ያልፈለገችው ነገር ቢሆን ኖሮ ፊቷ ለምን ይጨልማል?

ጋሽ ኤርጫፎ ሌላ መንገድ አልታየውም። ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጨና በሁለት እጁ ይዞ ደጃፏ ላይ ተንበረከከ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ደም የተቃቡ እንኳን ይታረቃሉ፤ እምቢ አይባልም። ለጋብቻ ግን ሣር ይዞ የተንበረከከ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ሻሺቱ ግራ ገባት። “ጋሽ ኤርጫፎ፣ ማን ከማን ተጣላ?”

“እኔ ከዚህ ሰውዬ!” አለ ጋሽ ኤርጫፎ።

“ወንድም ኦይታ፣ ወለደች አይደል እንዴ የተባለው? ሽማግሌ ሲቀርብኝ ጊዜ ነው ልጄን እሺ ያልኳት።”

“ወልዳ ነበር” አለ ወንድሜ። “እትዬ ደብቃልኝ፣ በግድግዳ ላይ ነው የወለደችው። እኔ ያሳደግኋት አይደለሁም። መንገድ ላይ ለመኑኝ፣ ሰጠሁ።”

“አንዷን እንኳን ለምን አላስቀሩም?”

ኦይታ መሬት መሬት አየ። “ከእኔ እጅ ትዳን ብዬ ነው። እኔ ዘንድ ብትቀር አጠጣት ነበር።”

ይኼኔ ከኋላችን “እህት ሻሺቱ!” የሚል ድምፅ መጣ። ማንጎ ሻጯ ናት፤ ሕፃኗን በመዳፏ ይዛ ዳገቱን እያለከለከች ትወጣለች። “ይቺን ውሃ ስንት ጊዜ ላጠጣት? ሰውዬው አንቺን ጠይቂ አለኝ።” ከኋላዋ ፀጉር አስተካካዩ፣ በመላጫ ሳህኑ ላይ አስቀምጧት። “እኔንም አንቺን ጠይቅ ነው ያለኝ። ‘እኔን አትጠይቀኝ፣ እኔ ገዳይ ነኝ’ አለኝ። የምሩን ነው እንዴ?” ከዚያ ዘበኛው። ከዚያ እነዚያ ሁለቱ ሴቶች፣ እንስራቸውን እንኳን ሳያወርዱ። ሁሉም ሕፃን ሕፃኗን ወደ ሻሺቱ ይዘረጋል፣ ሁሉም ባንድነት ይጠይቃል።

ሻሺቱ አንዱን አየች፣ ሌላዋን አየች። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ልታለቅስ ነው ብዬ ቀረብኩ። ሳቋ ፈነዳ። ጓዟ ላይ ተመልሳ ወደቀች፤ ነጠላዋን በአፏ ላይ ይዛ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች ሳቀች። “ውሃ አትንኩ!” ትላለች በሳቋ መካከል። “ደረቅ ቦታ አስቀምጧት፣ እርሷው ታውቃለች! ከዚህ ሰውዬም ደብቋት!”

ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። “እማዬ፣ መኪናው ሊሄድ ነው!” አለች ዓለምጸሐይ።

ሻሺቱ ዓይኗን ጠረገችና ኦይታን ቀና ብላ አየችው። “ላንቴ አልወርድም። ወባ እፈራለሁ።”

“አይወርዱም!” አለ ኦይታ። “እኔ ጧት ወርጄ ከቦዩ ጋር እውላለሁ። እዚያ እጄ ይደክማል። ማታ ደክሞኝ ወደዚህ እመጣለሁ።”

“የደከመ እጅ ጥሩ ነው” አለች ሻሺቱ፤ “እርሱንስ እችለዋለሁ።” የጉዞ ጫማዋን አወለቀችና፣ “ና እንግዲህ፣ ምን ቆመህ ታያለህ፣ ቆርቆሮዎቼን አውርድልኝ” አለችው። እርስዎ ማለቷን ስትተው የሰማነው ሁላችንም ነን።

እልልታው ከእኔ ይጀምር ከማንጎ ሻጯ አላውቅም። ኦይታ አይሱዙው ላይ እንደ ልጅ ተንጠላጠለ። ፀጉር አስተካካዩ ከሥር እየተቀበለ፣ ዘበኛው በረንዳው ላይ እየደረደረ፣ እሬቱም እንዳሁላውም ወላዷም ወረዱ። ዓለምጸሐይ መጀመሪያ ኮስተር ብላ ቆማ ነበር። እናቷ ስትስቅ ግን ብዙ ጊዜ አላየቻትም መሰለኝ፣ እንባዋን ጠረገችና አልጋውን በአንድ በኩል ያዘች። ሾፌሩ “የገረሴ ሰው የለም ማለት ነው?” ብሎ ሲጮህ ማንም አልመለሰለትም።

ስንዘፍን፣ ስናወርድ፣ ስንሳሳም ቆይተን፣ ከደጃፉ በኩል ቀጭን የቁጣ ድምፅ ሰማን። ጋሽ ኤርጫፎ ነው። ሣሩን በሁለት እጁ እንደ ያዘ፣ እንደ ተንበረከከ ነው።

“ታረቃችሁ አይደል?” አለ። “እንግዲህ አንዳችሁ ኑና አንሡኝ፤ ጉልበቴ ተቆልፏል!”